የጠፋው ጎራዴና የዘገየው ደብዳቤ

አንድ ጎራዴ ከተቆረጠ እጅ ጋራ በደመና ላይ ከተሠራ ከተማ ወደ ታች ይወድቃል። ሠላሳ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ያው ጎራዴ በሌላ ዓለም፥ አንዲት አሮጊት መጠጥ ቤት ካደረገችው ግንብ ሥር፥ በሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። ማን አነሣው? ማን ለማን ሸጠው? ከዚያስ ሣጥን እንዴት ገባ? አሮጊቷ ይህ ሲቀርብላት ጥያቄው መልካም መሆኑን አምና መልሱን ለሌላ ቀን ታስተላልፈዋለች። ያ ሌላ ቀን ግን በፊልሙ ውስጥ አልመጣም።

ስታር ዎርስ የተባለውን የጠፈር ታሪክ የተከታተሉ አንባቢዎቻችን ነገሩን ወዲያው ያውቁታል። አሜሪካዊው ጆርጅ ሉካስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1977 የጀመረው ይህ ታሪክ ዋና ዋናዎቹ ክፍሎች ብቻ ዘጠኝ ናቸው፤ ዘጠነኛው በ2019 ወጥቷል። ጎራዴው በ1980 በወጣው ፊልም ጠፍቶ በ2015 በወጣው ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የታሪኩ ወዳጆች ክርክራቸውን አላቋረጡም። እኛም ክርክሩን በደብረ ታቦር፥ የጉና ብርድ ከመሸ በኋላ ሰውን ሁሉ ወደ ሻይ ቤት በሚሰበስብበት ሰዓት፥ ከተማሪዎችና ሥራ ከጀመሩ ገና ጥቂት ጊዜ ከሆናቸው ወጣቶች አፍ ሰምተነዋል። እንዲያውም ስለ ደመወዝ ከሚደረገው ክርክር ይልቅ የጋለ ሆኖ አገኘነው።

ተከራካሪዎቹ ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን ፊልሙ ራሱ መልሱን ሰጥቷል ይላል። በታሪኩ ውስጥ ፍጥረትን ሁሉ የሚያያይዝ «ኀይል» የሚባል ረቂቅ ነገር አለ፤ ጎራዴውን ወደሚገባው እጅ የመለሰው እሱ ነው፤ ሰው ለምን ሌላ ምክንያት ይፈልጋል? ሁለተኛው ወገን ደግሞ ኀይል የተባለው የደራሲው እስክሪብቶ እንጂ ሌላ አይደለም ብሎ ይመልሳል። ይህኛው ወገን ማስረጃ አያጣም። ምሥጢር የያዙት ሁለት ሮቦቶች ከጠላት አምልጠው የወደቁት የወጣቱ የሉክ አጎት በሚያርስበት ምድረ በዳ ነው። አጎቱ መጀመሪያ የገዛው ሌላ ሮቦት ነበር፤ እሱ እዚያው በቆመበት ባይበላሽ ኖሮ ታሪኩ ሁሉ ባልተጀመረ። መልእክቱን የላከችው ልዕልት ደግሞ የማያውቃት መንትያ እኅቱ ሆና ተገኘች፤ ይህም የተገለጠው በ1983 ነው። ይባስ ብሎ በ1999 በወጣው ክፍል ከሁለቱ ሮቦቶች አንዱን በልጅነቱ የሠራው የሉክ አባት ራሱ መሆኑ ተነገረን። ከስንት ሺህ ዓለማት መካከል ሮቦቱ ተመልሶ የወደቀው በሠሪው ልጅ ደጃፍ ላይ መሆኑ ነው!

ለእኛ የሚታየን፥ ግጥምጥሞሽ ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ሮቦቶቹ ከሉክ ደጃፍ መውደቃቸው ልጁን ከሰላም ኑሮው አውጥቶ መከራ ውስጥ ይከተዋል። ይህን አንባቢም ተመልካችም በደስታ ይቀበላል፤ ታሪክ መጀመር አለበትና። ባለታሪኩ ከጭንቅ ላይ ሳለ የሚያወጣው ዕቃ በድንገት ከሣጥን ብቅ ሲል ግን ሰው እንደተታለለ ይቈጥረዋል። በ2015ቱ ፊልም ያቺ ዝነኛ አሮጌ መርከብ ወጣቷ በምትኖርበት የቍርጥራጭ ብረት ሜዳ ቆማ መገኘቷ፥ በ2019ኙ ደግሞ የአንድ ጩቤ ጠርዝ ከተሰበረ የጠፈር ጣቢያ ቅርጽ ጋራ ልክ ገጥሞ መንገድ ማሳየቱ የሚያስቀይመው በዚህ ምክንያት ነው። ጩቤውን የያዘችው ወጣት ከዚያች ስፍራ አሥር እርምጃ ወደ ግራ ብትቆም ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ይህን የሚጠይቅ ሰው ክፉ ተመልካች አይደለም፤ ታሪኩን ከደራሲዎቹ አስበልጦ የወደደ ሰው ነው።

ሌላም ነገር አለ። ግጥምጥሞሽ ዋጋው እንደ አገሩ ስፋት ነው። በደብረ ታቦር ገበያ ከዘመድ ጋራ መገናኘት ማንንም አያስደንቅም፤ ባይገናኙ ነው የሚገርመው። ብዙ ሺህ ፀሐዮች ባሉበት ጠፈር ግን ሁለት ሰዎች ደጋግመው አንድ መጠጥ ቤት ሲገናኙ፥ ጠፈሩ ከአንድ ወረዳ የማይበልጥ ይመስላል።

ይህ ነገር ከእኛ ሥነ ጽሑፍ የራቀ እንዳይመስለን። ከደብረ ታቦር ወደ ምዕራብ ወርደው ጣናን ቢሻገሩ ዘጌን ያገኛሉ። አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ የተወለዱት እዚያ ነው። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው፤ የጽሑፉ ዓይነት እስከ ዛሬ የሚጠራበትም ስም ከዚሁ መጽሐፍ የመጣ ነው። እዚያም ውስጥ መንትዮች አሉ፤ ጦቢያና ዋሕድ። አባታቸው በጦርነት ይማረካል። ዋሕድ ለቤዛው የሚሆን ገንዘብ ከማያውቀው ነጋዴ ያገኛል፤ በኋላ ባለውለታውን ሊፈልግ ወጥቶ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋራ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። በመንገዱ ላይ ያረመኔው ንጉሥ ዘመድ የሆነች ሴት ጦቢያን ወንድ መስላት ትወዳታለች፤ ይህን ቋጠሮ የሚፈታውም ቁርጥ እኅቱን የሚመስለው መንትያ መገኘቱ ነው። እንግዲህ የተለያዩ መንትዮች፥ ምርኮኛ አባት፥ ስሙ ያልታወቀ ረዳት፥ በሰፊ አገር ላይ ደጋግሞ መገናኘት፤ ሉካስ ከመወለዱ ከሠላሳ ዓመት በላይ አስቀድሞ ሁሉም በአማርኛ ተጽፎ ነበር። እዚያ «ኀይል» የሚባለው እዚህ ፈቃደ እግዚአብሔር ይባላል። የዚያ ዘመን አንባቢ እንዲህ ያለውን መገናኘት እንደ ጉድለት አይቈጥረውም ነበር ብንል ብዙ አንሳሳትም፤ የቅዱሳን ገድል ሲነበብለት ያደገ ሰው ነውና።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ ሌላ መንገድ ይዟል። በዛብህ በሽፍቶች ቆስሎ በተኛበት፥ እሱን ፍለጋ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ የወጣችው ሰብለ ወንጌል ትደርስበታለች። አንዳንድ ወጣቶች ይህን ከፊልሙ ጎራዴ ጋራ ሲያመሳስሉት ሰምተናል፤ አንስማማም። በመጀመሪያ ነገር፥ በዚያ ዘመን ከጎጃም ወደ ሸዋ የሚያሻግሩት መንገዶች ጥቂቶች ናቸው፤ የሚፈላለጉ ሁለት ሰዎች በአንደኛው ላይ ቢገናኙ ተአምር አይደለም። ከዚህም በላይ መገናኘታቸው ማንንም አላዳነም። ሐዲስ ዓለማየሁ ግጥምጥሞሹን የተጠቀሙበት መከራውን ለማክበድ እንጂ ለማቅለል አይደለም። ስለዚህ አንባቢ ያለቅሳል እንጂ አይጠይቅም።

ይሁንና ልብ ወለዱን እናቆየውና ክርክሩን የሰማንባትን ከተማ እንመልከት። ደብረ ታቦር ላይ ተቀምጦ ስለማይታመን ግጥምጥሞሽና ስለ ጠፋ ዕቃ የሚከራከር ሰው፥ ከውኃ ዳር ቆሞ ስለ ጥም እንደሚያወራ ያለ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል ካሜሮን ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከ ሽጉጥ ይዞ ዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ደረሰ። በሽጉጡ ላይ በተለጠፈው የብር ሰሌዳ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ለአገልጋይዋ ለፕላውደን ላሳዩት ደግነት ምስጋና መሆኑ ተቀርጾበታል። ዐፄ ቴዎድሮስም በዚያው ወቅት፥ በጥቅምት ወር፥ ለንግሥቲቱ ደብዳቤ ጽፈው ሰጡት፤ መልእክተኞች ወደ እንግሊዝ አገር ለመላክ ማሰባቸውን ገልጠው መልስ ጠየቁ። አንድ ሰው አንድ ዕቃ ይዞ መጣ፤ በምትኩ አንድ ወረቀት ተቀበለ። የቀረው ታሪክ ሁሉ በነዚህ ሁለት ዕቃዎች መካከል የተፈጸመ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ደብዳቤው በየካቲት ወር ሎንዶን ደረሰ። እዚያም ከውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። አንዱ ለሌላው ክፍል አስተላለፈው፤ ያኛውም ወደ ጎን አደረገው። መልስ የሚሰጥ ሳይገኝ ከዓመት በላይ አለፈ። ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን ዝምታ እንደ ንቀት ቈጥረው በ1856 ዓ.ም. ቆንስሉን አሰሩት። መልሱን ይዞ የመጣው ራሳም ምጽዋ ከደረሰ በኋላ ብዙ ጊዜ ተጉላልቶ ከንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ የቀረበው በ1858 ዓ.ም. ነበር፤ በኋላም እሱ ራሱ ከእስረኞቹ አንዱ ሆነ። ከዚያ በኋላ የመጣው ወደ 13 ሺህ ወታደር ያሰለፈው የናፒየር ጦር ነው። ወጣት ባለሥልጣኖች አንባቢዎቻችን ከጠረጴዛቸው በስተቀኝ የተከመረውን ፋይል እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ቢመለከቱት አይከፋንም።

ስቫስቶፖልስ? የሩሲያው ደራሲ ቼኾቭ በመጀመሪያው ትዕይንት በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጠመንጃ በኋላ መተኰስ አለበት የሚል ደንብ ለጸሐፊዎች ትቶ ነበር። ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፥ ዐፄ ቴዎድሮስ የሰበሰቧቸው አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋራ ሆነው ትልቁን መድፍ አቀለጡት። ሰባት ቶን ያህል እንደሚመዝን ይነገርለታል። በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ፤ መንገድ እየጠረጉ፥ ድንጋይ እየፈነቀሉ፥ የጅጣንና የበሽሎን ገደል እየወረዱና እየወጡ መድፉን ስድስት ወር ያህል አስጐትተው መቅደላ አደረሱት። ማንኛውም ደራሲ ይህን ያህል ገጽ ለአንድ መድፍ ከሰጠ፥ መድፉ በመጨረሻው ምዕራፍ ጦርነቱን እንዲወስን ያደርገው ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በእሮጌ ሜዳ ግን ስቫስቶፖል የታሰበለትን አላደረገም። ታሪክ የቼኾቭን ደንብ አላነበበም።

ያ ቀን ዓርብ ስቅለት ነበር። በዚያ ዓመት የእኛና የእንግሊዞቹ ፋሲካ በአንድ እሑድ ስለዋለ፥ ሁለቱም ወገን በአንድ የጾም ቀን ተዋጋ። ከሦስት ቀን በኋላ፥ በፋሲካ ማግሥት ሰኞ፥ ሚያዝያ 6 ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። የገደሉበትም መሣሪያ ያ የንግሥቲቱ የምስጋና ሽጉጥ ነበር። አንድ ወጣት ደራሲ ይህን በልብ ወለድ ጽፎ ቢያመጣልን፥ «ሽጉጡን ሌላ አድርገው፤ ይህ በጣም ተገጣጥሟል» ብለን የምንመልስለት ይመስለናል።

ጉዱ በዚህም አያበቃም። በዚያው በ1860 ዓ.ም. ክረምት ዘጌ ላይ አፈ ወርቅ ተወለዱ፤ ትልቁ የታሪክ ልብ ወለድ ባለቀ በሦስተኛው ወር የልብ ወለድ ጀማሪ መጣ ማለት ነው። ስለ ፊልምም መናገራችን ካልቀረ፥ በጋፋት መድፍ ካቀለጡት ሰዎች አንዱ ፖላንዳዊው ሞሪትስ ሆል ነበር። በዚያው በመቅደላው ዓመት የተወለደችለት ልጅ ማግዳሌና ተባለች። ሁለት ጊዜ የኦስካር ሽልማት ያገኘው እንግሊዛዊ ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ የዚህች ሴት የልጅ ልጅ ነው።

እነዚህን ነገሮች ቀርበን ስንመረምራቸው ግን የምናየው ከፊልሙ ሣጥን የተለየ ነው። ሽጉጡ ለምን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተገኘ? ቆንስሉ ስላመጣው። ቆንስሉ ለምን መጣ? ፕላውደን ስለተገደለ። ጦሩ ለምን መጣ? ደብዳቤው መልስ ስላጣ። እያንዳንዱ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈበት መንገድ አለው፤ ግጥምጥሞሽ መስሎ የሚታየን የመንገዱን ጫፍና ጫፍ ብቻ ስናይ ነው። የፊልሙም ወዳጆች የሚያጉረመርሙት ጎራዴው በመገኘቱ ሳይሆን መሐሉ በመቈረጡ ይመስለናል።

መሐሉ ተቈርጦ የቀረውን የእኛን ጎራዴ ደግሞ እንመልከት። «ኵርዓተ ርእሱ» የተባለው የጌታችን ሥዕል የጐንደር ነገሥታት ወደ ጦር ሜዳ ሲዘምቱ ይዘውት የሚወጡት ነበር። በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን በስናር ዘመቻ ተማርኮ በብዙ ወርቅ ተዋጅቶ ተመለሰ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ጠፍቶ የተገኘ ዕቃ ነው። በመቅደላ ግን የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው የሆነው ሪቻርድ ሆልምስ ከጦሩ ጋራ መጥቶ ነበርና ሥዕሉን ከሟቹ ንጉሥ ቤት ወሰደው። ለሙዚየሙ አላስረከበውም፤ ለራሱ አስቀረው። የቀረው ምርኮ በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ ወረደ።

በ1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው ሁለት ነገር ለመኑ፤ «ክብረ ነገሥት»ንና ይህን ሥዕል። መጽሐፉ ከሙዚየሙ ተፈልጎ ተገኝቶ ተመለሰላቸው። ሥዕሉ ግን ሊገኝ አልቻለም ተባለ። በዚያን ጊዜ ሆልምስ የት ነበር? በዊንድዘር ቤተ መንግሥት የንግሥቲቱ የራሷ የመጻሕፍት ቤት ሹም ነበር! ንግሥቲቱ የምታስፈልገው ዕቃ ከቤተ መጻሕፍቷ ሹም እጅ ነበር፤ እሱም ዝም አለ። ሹሙ ከሞተ በኋላ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1917 ሥዕሉ በሎንዶን በጨረታ ተሸጠ፤ በ1950 ዳግመኛ ተሸጦ ወደ ፖርቱጋል ሄደ። እንግዲህ ይህን ዕቃ ኀይልም ዕድልም አልሰወረውም፤ አንድ የመሥሪያ ቤት ሰው ነው።

የተገኙትስ እንዴት ተገኙ? ኤድንበርግ በሚገኘው በቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን በቁም ሣጥን ውስጥ አንድ የመቅደላ ታቦት ለብዙ ዘመን ተቀምጦ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ቁም ሣጥኑን የከፈተው ጆን ማክለኪ የተባለው ቄስ ኢትዮጵያን አስቀድሞ ያውቅ ስለነበር የያዘው ነገር ምን እንደሆነ ገባው። ታቦቱ በሚቀጥለው ዓመት አዲስ አበባ ሲገባ ስፍር ቍጥር የሌለው ሕዝብ ተቀበለው። ሣጥን ውስጥ የተገኘ ዕቃ ነው፤ ከፊልሙ ጋራ አንድ ይመስላል። ነገር ግን ያን ቁም ሣጥን ከዚያ በፊት ሌሎች ሰዎች ከፍተው ዘግተውት ይሆናል፤ ሊያውቅ የሚችል ዓይን እስኪመጣ ድረስ የተገኘ ዕቃ አልነበረም። የጨለቆት ሥላሴ ዘውድም እንዲሁ ነው። በሮተርዳም የሚኖረው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ሲራክ አስፋው በ1998 በእንግዳው ሻንጣ ውስጥ አይቶት ዘውዱ ከአገር የተሰረቀ መሆኑን ተረዳ፤ ሃያ አንድ ዓመት ደብቆ ጠብቆ በ2020 ለአገሩ አስመለሰው። የእንግዳ ሻንጣ በአጋጣሚ ይከፈታል፤ ሃያ አንድ ዓመት መጠበቅ ግን አጋጣሚ አይደለም።

እዚህ ላይ በስታር ዎርስ ወዳጆች እንቀናለን። እነዚህ ሰዎች በዓለም ላይ ያልነበረን ጎራዴ ማን እንደሠራው፥ በስንተኛው ዓመት ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዳለፈ፥ የት እንደተሰነጠቀና የት እንደተቀበረ መዝግበው ይዘዋል። አንድ ቀን ቢሳሳቱ የሚያርማቸው ሌላ ሰው ከሌላ አገር ይነሣል። በደቡብ ጐንደር ደጋ ባሉት አድባራትና ገዳማት የሚገኙትን የብራና መጻሕፍት፥ መስቀሎችና ዘውዶች እንዲህ አድርጎ የመዘገበልን ማን ነው? የልማዱ ችሎታ አንሶን አይደለም። ለድጓ ምስክር በሆነችው በጋይንት ቤተልሔም፥ ለዝማሬና መዋሥዕት ምስክር በሆነችው በዙር አባ፥ መምህሩ ከማን እንደተማረ፥ የመምህሩም መምህር ከማን እንደተቀበለ በቃል ይቈጠራል። ዜማው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ መሐሉ አይቈረጥም። መስቀሉ ግን በአንድ ሌሊት ከዕቃ ቤት ቢወጣ፥ ቁመቱንና መልኩን በወረቀት ላይ የሚያሳይልን ፎቶግራፍ በብዙ ደብር የለም። ሌባ የሚተማመነው በዚህ ነው፤ መዝገብ የሌለው ዕቃ በጨረታ ቤት «የእኔ ነው» የሚለው ባለቤት የለውምና።

መዝገብም ብቻውን ሁሉን ያስመልሳል ማለታችን አይደለም። የመቅደላ ታቦታት አሥራ አንዱ በብሪቲሽ ሙዚየም መኖራቸው የታወቀ ነው፤ ለክብራቸው ሲባል ተመራማሪም ተመልካችም አያያቸውም፤ ሙዚየሙን የሚያስተዳድረው የ1963 ሕግ ደግሞ ዕቃ ከእጁ እንዳይወጣ አጥብቆ ይከለክለዋል። ለማንም የማይታይ ዕቃ ለምን እንደሚቀመጥ ጠይቀን ሕጉን የሚጠቅስ እንጂ ምክንያቱን የሚያስረዳን አላገኘንም። ጥያቄው መልካም ነው፤ ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል።

በሻይ ቤቱ ክርክር ማን አሸነፈ ለሚሉን አንባቢዎቻችን፥ በዚያ ምሽት አንድ ተማሪ ያነሣው ነገር ማንንም ዝም እንዳሰኘ እንነግራቸዋለን። ከዚህ አገር ወጥተው ከጠፉት ሁሉ ይልቅ ከባዱ፥ ታላቁ፥ ጠላትም የሚመኘው ዕቃ ስቫስቶፖል ነበር፤ ስድስት ወር የፈጀውን ያን መድፍ ከመቅደላ አምባ የሚያወርድ ዝሆንም በቅሎም አልተገኘም። አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው። ዋናው እስከ ዛሬ ከመቅደላ አልወረደም።